ከባድ ፒካፕ ለገበሬ ያዋጣል?

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። በአርሲ ስንዴ የሚያመርቱት አጎቴ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ላንድክሩዘር ፒካፕ ለመግዛት አስበው ምክሬን ጠይቀውኛል። እንዲህ ያለ ውድ መኪና በእርግጥ ገበሬን ይስባል ወይስ የመሥሪያ ቤት መኪና ነው ትላላችሁ?

መልስ (ከሶማሌ ተራ)፦ ወንድሜ፣ መለዋወጫ እንደሚሸጥ ሰው በደንብ ይስባል እላለሁ። የኋላው ጭነት በባሌስትራ (ተደራርበው በታሰሩ የብረት ሞላዎች) ላይ ያረፈ ነው፤ ሞተሩም ያለ ኮምፒውተር፣ በሜካኒካል የናፍጣ ፖምፓ ስለሚሠራ የወረዳ መካኒክ በመፍቻ ፈትቶ ያስተካክለዋል። አዳዲሶቹ ኮመንሬል (በኮምፒውተር እየታዘዙ ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት የሚረጩ) ሞተሮች ግን ውሃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ ከተቀዳባቸው ኢንጀክተራቸው (የናፍጣ መርጫቸው) ይበላሻል፤ ይህ ደግሞ ከበርሜል ለሚቀዳ ገበሬ ቀላል ነገር አይደለም።

መልስ (ከፒያሳ)፦ ጥንካሬውን አልክድም፤ ነገር ግን የሚጭነው አንድ ቶን ገደማ፣ ማለትም 10 ኩንታል ያህል ብቻ ነው። የአጎትዎ ሐሳብ ምርቱን ገበያ ማድረስ ከሆነ የአይሱዙ የጭነት መኪና እጅግ ይሻላቸዋል።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርሳቸውን የሚያሳስባቸው በመኸር ወቅት ኮምባይነሩ ናፍጣ ጨርሶ ማሳ መሀል ሲቆም በጭቃው ገብቶ የሚደርስለት መኪና ማጣታቸው ስለሆነ፣ ፒካፑን እንዲገዙ እመክራቸዋለሁ።