ሲ ዜድ 527 ካርባይን በክላሽ ጥይት፦ ከመግዛቴ በፊት ምን ልይ?

ሊሙ በር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጅማ ዙሪያ ነው፣ ቡናና በቆሎ አለን። ከርከሮና የጫካ አሳማ በቆሎውን እየፈጀው ስለሆነ ለመሸከም የምትቀል ጠመንጃ እየፈለግኩ ነው። በፈቃድ የያዘ ሰው ሲ ዜድ 527 የምትባል የቼክ ሥሪት ካርባይን ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። በየጥይቱ በእጅ የምትቀባበል፣ የክላሽ ጥይት የምትጎርስ፣ አምስት ጥይት የሚይዝ ካዝና ያላት ናት። እዚህ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ክላሽና ቤልጅግ ነው፣ ይህችን የሚያውቅ አጣሁ። ስገዛት ምኗን ልመርምር? ተራው የክላሽ ጥይት ይሆናታል? እስከ ስንት ሜትርስ ልተማመንባት?

ጠጋኙ፦
ጠመንጃዋ ጥሩ ናት። የማትታወቀው ወደ እኛ አገር ብዙም ስላልገባች ነው። የተሠራችው ኡኸርስኪ ብሮድ በሚባለው የቼክ ከተማ ነው፣ አሁን ምርቷ ቆሞ ቦታዋን ሲ ዜድ 600 ወስዶታል። ስለዚህ መለዋወጫ ከባድ ነው፣ በተለይ ካዝና። ሻጩ አንድ ካዝና ብቻ ካለው ዋጋውን አስቀንስ።

ክብደቷ 2.7 ኪሎ ገደማ፣ በርሜሏ 47 ሴ.ሜ. ነው። ቤልጅግ ከእሷ በአንድ ኪሎ ገደማ ይበልጣል። ብዙ ቀላል ጠመንጃ የሚቀለው ትልቁን አካል ቦርቡረው ወይም ሰደፉን በፕላስቲክ ለውጠው ነው። ይህች ግን የማውዘር አሠራር ከመነሻው ለአጭር ጥይት ተብሎ አንሶ የተቀረጸባት ናት፣ ቦልቷን (በእጅ እየተሳበ የሚያቀባብለውን ብረት) ስትስባት ማጠሩ ወዲያው ይታወቅሃል።

ስትመረምራት መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ፣ ቦልቱን ከፍተህ የጥይት ጎጆውን (በርሜሉ ውስጥ ጥይቱ የሚቀመጥበትን) በዓይንህም በጣትህም ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። ከዚያ ቁጥሯን እይ። በአካሏና በፈቃዱ ላይ ያለው ቁጥር በአንድም አኃዝ ቢለያይ ተዋት። በርሜሉን ከቦልቱ በኩል ብርሃን አስገብተህ ተመልከት፣ ጠመዝማዛው መስመር ጠርዙ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ጥቁር ነጠብጣብ የመሰለ ጉድጓድ ካየህ ጨው ያለው ጥይት ተተኩሶባት ሳትታጠብ ቀርታለች ማለት ነው። የአፈሙዙን ከንፈር ደግሞ በጥፍርህ ዙሪያውን ዳስሰው። ጥፍር የሚይዝ ቁስል ካለ ጥይቱ ሲወጣ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፣ ምንም ብታነጣጥር አይሰበሰብልህም። እሱ እንኳ በሠለጠነ እጅ ይስተካከላል፣ የተበላ በርሜል ግን መፍትሔ የለውም።

ቀጥሎ ሰደፉን። ካዝናው የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ እንጨቱ ስስ ነው፣ ከቦልቱ ጀርባም እንዲሁ። ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። የዊንጮቹ ራስ ከተላላጠ ደግሞ ያልተገባ እጅ ፈትቷታል ማለት ነው፣ ምላጩንም ነካክተውት ይሆናል።

ምላጯ ላይ ቆም በል። ወደ ፊት ስትገፋው ቀጭ ብሎ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ ጣት ሲያርፍበት ይለቃል። ሳትገፋው ከሳብከው ግን እንደ ተራ ምላጭ ነው የሚሠራው። ፍተሻው እንዲህ ነው፦ ባዶዋን አቀባብለህ፣ ምላጩን ወደ ፊት ሳትገፋ፣ ሴፍቲውን ለመተኮስ ክፈተውና የሰደፉን ታች ጎማ ምንጣፍ ላይ ጠበቅ አድርገህ ምታው። መርፌው (ጥይቱን የሚመታው) ምላጩ ሳይሳብ ከለቀቀ ምላጩ ከልክ በላይ ቀሏል፣ ባለሙያ ሳያስተካክለው ጥይት አታጉርሳት።

ሴፍቲዋ የብዙ ጠመንጃ ተቃራኒ ነው። ወደ ፊት ሲገፋ ይቆልፋል፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ለመተኮስ ይከፍታል። ሌላ ጠመንጃ የለመደ ሰው ቆለፍኩ ብሎ ከፍቷት ሊሄድ ይችላል። ቤት ውስጥ በባዶዋ እጅህን እስኪለምድ አሠልጥነው፣ ለሌላ ሰው ስትሰጥም ከሁሉ በፊት ይህን ንገረው።

ጊቤ ማዶ፦
ከምርመራው በፊት ሕጉ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መሸጥንም ይከለክላል። የሻጩ ፈቃድ ለአንተ አይተላለፍም። ገንዘብ ሳትሰጥ፣ ጠመንጃዋም ከቤቱ ሳትወጣ ሁለታችሁም ፖሊስ ዘንድ ሂዱና ይህ ዓይነት መሣሪያ በስምህ ሊዞር ይችል እንደሆነ በጽሑፍ ይነገራችሁ። በቃል «ችግር የለውም» ቢሉህ አትቀበል።

የመሣሪያ ፈቃድ ደግሞ የአደን ፈቃድ አይደለም። አደን የሚፈቀደው በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በኩል ነው፣ እንደ በለጠ ጌራ ያለውን ደን ደግሞ የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ያስተዳድረዋል። ከርከሮው ሰብል ቢያጠፋም መጀመሪያ በቀበሌው በኩል ለወረዳው አመልክት፣ መልሱን ይዘህ ተንቀሳቀስ። ድኩላና ጉሬዛ በዚያው ጫካ ስላሉ በምሽት ቅጠል ሲንኮሻኮሽ በግምት መተኮስ ፈጽሞ የለም። የምኒልክ ድኩላ ከአገራችን ውጭ የትም አይገኝም።

ቀለሃ፦
የጥይቱን ነገር ልጨምር።

7.62×39 የሚለው በርሜሉ ላይ ተጽፎ እይ። «ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት» የሚባሉ ጥይቶች ብዙ ናቸው። 7.62×51 እና የድራጉኖቭና የፒኬኤሙ 7.62×54 ለዚህች አይሆኑም፣ የቤልጅጉ 7.92×57 ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። የሻጩ አፍ አይበቃህም።

ተራው የክላሽ ጥይት ይተኮስባታል፣ ለእንስሳ ግን መጥፎ ነው። አረሩ ሙሉ በሙሉ በጠንካራ ብረታ ብረት የተሸፈነ ስለሆነ ሳይከፈት ሰንጥቆ ያልፋል። እንስሳው ጫካ ገብቶ ሲሠቃይ ያድራል፣ አረሩም ከኋላ ወዳለው ይቀጥላል። ማግኔት አስጠጋበት። አረሩ ላይ ከተጣበቀ ሽፋኑ ወይም እምብርቱ ብረት ነው፣ ድንጋይ ሲነካ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። ለአደን የሚሆነው ጫፉ እርሳሱ የሚታየው፣ 8 ግራም ገደማ የሚመዝነው ለስላሳ አፍንጫ ነው። ከአፈሙዝ በሴኮንድ 720 ሜትር ገደማ ይወጣል፣ ጉልበቱ 2,000 ጁል አካባቢ ነው፣ 100 ሜትር ላይ ወደ 1,500 ይወርዳል። ለከርከሮና ለጫካ አሳማ ይበቃል። ለጎሽ አይታሰብም።

የወታደር ጥይት ካፕሱሉ (ቂጡ ላይ ያለው፣ መርፌው የሚመታው ክፍል) ጠጣር ስለሆነ አንዳንዴ መርፌው ይመታውና አይፈነዳም። እንዲህ ሲሆን አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞርክ 30 ሴኮንድ ቆጥረህ ነው ቦልቱን የምትከፍተው። የወጣውን ጥይት ተመልከት። ምልክቱ ስስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ በቦልቱ ውስጥ የደረቀ ግሪስ ነው፣ በናፍጣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በስሱ ዘይት ሲቀባ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ የመርፌው ሞላ ደክሟል።

አንዳንዱ አሮጌ ጥይት ካፕሱሉ በበርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው በዘይትም በቤንዚንም አይሟሟም። በዕለቱ፣ ሳታሳድር፣ ቦልቱን አውጥተህ ከጎጆው በኩል ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ አሳልፍበት፣ ውሃው ወደ እንጨቱ እንዳይገባ አፈሙዙን ወደ ታች ያዝ። ትኩሱ ብረት ራሱ ይደርቃል። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ፣ በመጨረሻም ዘይት የነካው ጨርቅ። የቦልቱን ፊትም በዚያው ውሃ እጠበው። በጅማ ክረምት ጠመንጃን በቆዳ ማኅደር ውስጥ ማስቀመጥ ራሱ ዝገት መጥራት ነው፣ ቆዳው እርጥበቱን ይዞ ያቆየዋል። አየር የሚያገኝ፣ የሚቆለፍ ሳጥን ይሻላል፣ ጥይቱም ለብቻው ይቆለፍ።

ሊሙ በር፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ነው ያዳናችሁኝ። ፖሊስ ዘንድ ነገ እንሄዳለን። ከተሳካ፦ መነጽር ላድርግባት ወይስ በራሷ ማነጣጠሪያ ልተኩስ? ዒላማዋንስ እንዴት ላስተካክላት?

ጠጋኙ፦
በእኔ እምነት መነጽር አያስፈልግህም። ቡና ጥላ ሥር ከ50 ሜትር በላይ አይታይም። መነጽርና ማሰሪያው ግማሽ ኪሎ ጨምረው የጠመንጃዋን ጥቅም ያጠፉታል።

ቀለሃ፦
እዚህ ላይ ከጠጋኙ እለያለሁ። ከርከሮ የሚመጣው ሲመሽና ሲነጋ ነው፣ በዚያ ሰዓት የፊቱ ጉጥ ከጥቁር እንስሳ ላይ ይጠፋል። ከ300 ግራም የማይበልጥ፣ አራት እጥፍ የሚያቀርብ ትንሽ መነጽር በሚገባ ይረዳል፣ ከኋላው ምን እንዳለም ያሳይሃል። ስትገዛ ማሰሪያው በጠመንጃዋ አናት ላይ ላለው ለ16 ሚ.ሜ. ሐዲድ የተሠራ ይሁን። የታላቅ እኅቷ የሲ ዜድ 550 ማሰሪያ ለ19 ሚ.ሜ. ስለሆነ አይይዝላትም።

ለማስተካከል ፖሊስ የፈቀደው፣ ከኢላማው ጀርባ ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ያለው ቦታ ያስፈልጋል። ይህ አረር ካልቆመ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ግማሹ አሸዋ የተሞላ ጆንያ አስቀምጥና የሰደፉን የፊት እንጨት አሳርፍበት። በርሜሉን ካሳረፍክ ጥይቱ ወደ ላይ ይሄድብሃል፣ ካዝናው ጆንያውን ከነካም እንዲሁ ይዛባል። ቀላል ጠመንጃ ስትተኩሳት ትዘላለች፣ ስለዚህ በግራ እጅህ የፊቱን እንጨት ያዝ፣ ዝም ብለህ አታስደግፋት።

በ50 ሜትር ጀምር። ሦስት ተኩስና መሐላቸው ካነጣጠርክበት ስንት እንደራቀ ለካ። የብዙው መነጽር ማስተካከያ አንድ ጠቅታ ምቱን በ100 ሜትር 7 ሚ.ሜ.፣ በ50 ደግሞ ግማሹን ያንቀሳቅሳል። መሐሉ 6 ሴ.ሜ. ወደ ግራ ከሆነ 17 ጠቅታ ገደማ ወደ ቀኝ ነው። ሌላ ሦስት ከመተኮስህ በፊት በርሜሉ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። ስስ በርሜል ሲሞቅ ምቱ ይንሸራተታል፣ ሰውም ጠመንጃዋን ሳይሆን ሙቀቱን ሲያስተካክል ይውላል። ያለ መነጽር ከሆነ የኋላውን ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድልህ ወደምትፈልግበት፣ የፊቱን ደግሞ ጥይቱ ወዳረፈበት ጎን ግፋ።

ከዚያ ወደ 100 ሜትር ሂድና እዚያ ዜሮ አድርጋት፣ ማለትም ካነጣጠርክበት ላይ እንድትመታ አስተካክላት። በዚህ ዜሮ 50 ሜትር ላይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ከፍ ትላለች፣ 150 ላይ ከ6 እስከ 8 ሴ.ሜ. ትወርዳለች፣ 200 ላይ ከ20 ሴ.ሜ. በላይ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ከባሕር ጠለል ይልቅ የሚወርደው ትንሽ ያንሳል፣ ግን በዚህ ርቀት ልዩነቱ አይሰማህም። በጥሩ ጥይት ሦስቱ 5 ሴ.ሜ. ውስጥ ከገቡ ጠመንጃዋ ደኅና ናት፣ በወታደር ጥይት 8 ወይም 10 ሴ.ሜ. ቢሆን አትደንግጥ። ለእንስሳ 150 ሜትርን አትለፍ።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ቦልቷን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሳብ። በግማሽ ከመለስከው አዲሱን ጥይት ሳይዝ ባዶ ይዘጋል፣ ስትስበውም ቀጭ ብቻ ይላል። ጥይትም በእጅህ ጎጆው ውስጥ ጥለህ ቦልቱን አትግጭበት። ጥይቱ ከካዝናው ሲነሣ ቂጡ ቀለሃውን ከሚጎትተው የቦልቱ ጥርስ ሥር ተንሸራቶ እንዲገባ ነው የተሠራችው፣ እንዲያ ካልሆነ ጥርሱ ጊዜውን ሳይቆይ ይሰበራል፣ እሱን ደግሞ የምትተካበት አታገኝም።

ጊቤ ማዶ፦
ፖሊስ ቦታውን ሲፈቅድልህ ቀኑንና ሰዓቱን ለቀበሌውና ለጎረቤት አሳውቅ። በዚህ ጊዜ ድንገተኛ ተኩስ ሰው ያስበረግጋል።