የካርማን ጊያ የበር መስኮት ላስቲክ፦ ክረምቱ ሳይገባ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (የሱሉልታዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ያወረሱኝ ባለ ጣሪያ ቮልስዋገን ካርማን ጊያ አለኝ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1967 ሞዴል ናት። ከእንጦጦ ማዶ የምትኖሩ የሱሉልታን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ክረምት በሁለቱም በሮች በኩል ውሃ ገብቶ የእግር ምንጣፉ ሻገተ። የመስኮቶቹ ላስቲክ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ሲነኩት ጣት ላይ እንደ ከሰል ይቀራል። እስካሁን ቫዝሊን ስቀባው ነበር። በዚያ ላይ ስታጠፍ ግራው በር ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል።

ሶማሌ ተራ አንድ ሻጭ የተለመደውን የቮልስ የበር ላስቲክ አሳይቶኝ «ያው ነው፣ ይገጥማል» አለኝ። ጋራዥ ስጠይቅ ደግሞ ዙሪያውን በሲሊኮን እንድደፍነው መከሩኝ። የቱን ልስማ? አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በገዛ እጃቸው ያጥቧት ነበር፤ በእኔ እጅ ዝገት እንዲበላት አልፈልግም።

መልስ (ባለ ካርማን፣ ሰበታ)

እህቴ፣ የቮልሱን ላስቲክ እንዳትገዢ። ሞተሩና ሻንሲው ከቮልስ የመጣ ቢሆንም አካሏ ሌላ ነው፤ ንድፉ የጣሊያኑ (የቱሪን) ጊያ ኩባንያ፣ ሥራው የጀርመኑ (የኦስናብሩክ) ካርማን ኩባንያ ነው። የቮልስ መስታወት በብረት ክፈፍ ውስጥ ይወጣል ይወርዳል። ያንቺ መስታወት ግን ክፈፍ የለውም፤ ራሱ መስታወቱ ነው ጣሪያው ሥር ያለውን ላስቲክ የሚገፋው። እኔ የቮልሱን ገጥሜ በሩ በጉልበት ካልሆነ አልዘጋ አለኝ፤ በሳምንቱ ነቅዬ ጣልኩት። ከውጭ ስታስመጪ የሻንሲ ቁጥሯን ላኪ፤ ከ1955 እስከ 1974 ስትሠራ ሁሉም ዓመት አንድ አልነበረም። አዲሱ መጥቶ እስኪገጥም አሮጌውን አትጣይው፤ ማነጻጸሪያሽ እሱ ነው።

መልስ (ጡረተኛ ቀጥቃጭ፣ ቃሊቲ)

ልጄ፣ ከላስቲኩ በፊት ያ የሚንቦጫረቀው ውሃ ያሳስበኛል። ዝናብ በመስታወቱ ጥግ ወደ በሩ ሆድ መግባቱ አይቀርም፤ ላስቲክ ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። የገባው የሚወጣው በበሩ ታችኛ ጠርዝ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ያንቺ ተደፍነዋል። ዛሬውኑ በቀጭን ሽቦ ክፈቻቸው፤ በሩ ከታች መበስበስ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ቀጥሎ የበሩን የውስጥ ሽፋን አውርጂ። ከኋላው የተለጠፈ ፕላስቲክ መኖር አለበት። ከተቀደደ ወይም አንዱ መካኒክ አንሥቶ ካልመለሰው፣ ምንጣፍሽን ያሻገተው እሱ ነው። በወፍራም ፕላስቲክ ተኪው፤ የታችኛውን ጫፍ ግን ወደ በሩ ውስጥ አስገቢው፣ ውሃው ወደ ውስጥ ተመልሶ እንዲንጠባጠብ።

ሲሊኮኑን ተዪው። ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ቀለም የሌለውን ብረት ያዝገዋል፣ ነገ ልንቀለው ቢሉትም አይለቅም። ቫዝሊንም የነዳጅ ዘር ነው፤ የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጣል፣ ያለሰልሰዋል። ከፋርማሲ ግሊሰሪን ግዢና በጨርቅ ቀቢው።

አዲሱ ላስቲክ ሲመጣ የአሮጌውን ማስቲሽ በእንጨት ፋቂ፤ ካቻቪቴ ቀለሙን ይልጠዋል። ዝገት ካለ አጽድተሽ ጸረ ዝገት ቀቢና በደንብ ይድረቅ። ላስቲኩን ፀሐይ ላይ አለስልሰሽ፣ መጀመሪያ ያለ ማስቲሽ አስቀምጠሽ ለኪው። አደራ፣ እየሳብሽ አትለጥፊው! የተሳበ ላስቲክ ውሎ አድሮ ይሰበሰብና ማዕዘኑ ላይ አፉን ይከፍታል። እንዲያውም ትንሽ አትርፈሽ፣ ትርፉን ወደ ውስጥ እየገፋሽ ግጠሚ።

መልስ (ለገጣፎ)

የጋሼን ምክር ልሙላ። ላስቲኩ ከተለጠፈ በኋላ መስታወቱ መስተካከል አለበት። በሩ ውስጥ ያሉትን የመስታወት መያዣ ቡሎኖች ላላ አድርገሽ፣ ላስቲኩ ላይ የሕፃናት ፓውደር ነስንሺ፣ በሩን ዝጊና ክፈቺ። ፓውደሩ መስታወቱ ላይ መስመር ይሠራል፤ መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ አልነካም ማለት ነው። ቀጥሎ አሥር ብር በመስታወቱና በላስቲኩ መካከል አድርገሽ ዝጊና ጎትቺው። ያዝ ካደረገ በቂ ነው። አንቆ ከያዘ አጥብቀሽዋል፤ መስታወት ሊሰበር ይችላል። አዲስ ላስቲክ መጀመሪያ ላይ ስለሚጠነክር በሩ ቢከብድሽ አትደንግጪ።

የሱሉልታዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀዳዳዎቹን ዛሬ ጠዋት ከፈትኳቸው። ከግራው በር አንድ ጆግ የሚሞላ ቡናማ ውሃ ወረደ፣ ተከትሎ የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ቅጠልና አንድ አሥር ሳንቲም። ፕላስቲኩ ጨርሶ የለም። ላስቲኩን በሻንሲ ቁጥሩ አዝዣለሁ። የኋላው መስታወት ላስቲክም ደርቋል፤ አብሬ ልቀይረው?

ጡረተኛ ቀጥቃጭ፣ ቃሊቲ

ካላፈሰሰ ዘንድሮ አትንኪው፤ ግሊሰሪን ይበቃዋል። መቀየሩ ካልቀረ ግን መስታወቱን ከነላስቲኩ አውጪ፤ አዲሱን ላስቲክ መስታወቱ ላይ አልብሰሽ በውጭው ቦይ ዙሪያውን ሲባጎ አስገቢ፣ ጫፎቹ ከታች ይተላለፉ። ሳሙና ውሃ ቀቢ። አንድ ሰው ከውጭ በመዳፉ ይጫን፣ አንቺ ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያልሽ ሳቢ፤ የላስቲኩ ከንፈር ላሜራውን እያለፈ ይገባል። ብቻሽን አትሞክሪው።