ለተቃጠለ ልጅ የቪአር መነጽር? የሞከራችሁ እስቲ ንገሩኝ

የሲያትሏ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሰባት ዓመት ልጄ እጁ ላይ ሻይ ተደፍቶበት ተቃጥሏል። ቁስሉ ሲታጠብ ጩኸቱ አይጣል ነው። ጎዙ ተጣብቆ ሲላቀቅማ እኔም አብሬ ነው የማለቅሰው። አሁን ደግሞ ሆስፒታሉ የቪአር መነጽር (ዓይን ሸፍኖ ጌም ውስጥ የገባህ የሚያስመስለውን) እናድርግለት አሉኝ። ጌም ቤት እንጂ ሆስፒታል አይቼው አላውቅም። ማስታገሻውን ሊቀንሱበት ይሆን? እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ እየደወለች "ዓይኑን ያጠፉታል" ትለኛለች።

ነርሷ፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ይሄ ነገር እኮ የተጀመረው እዚያው አንቺ ከተማ ነው! በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ሀንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን ሀርበርቪው ሆስፒታል ውስጥ በተቃጠሉ ሕሙማን ላይ ሞከሩት። ስኖው ወርልድ የሚባል ጌምም ሠሩ። በበረዶ ሸለቆ እየሄዱ ፔንግዊኑንም ሌላውንም በበረዶ ኳስ መምታት ነው። ልጁ ጌሙ ውስጥ ከገባ ሕመሙን የሚያዳምጥበት ልብ ያጣል። ጌሙን እየተጫወቱ ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል የሚያነሣው ማሽን) ሲነሡም ሕመም የሚሰማባቸው የአንጎል ክፍሎች እንቅስቃሴ ቀንሶ ታይቷል።

ማስታገሻው ግን እንዳይቀር! መነጽሩ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው መድኃኒቱ ቁስሉ ከመታጠቡ ስንት ደቂቃ በፊት እንደሚሰጠው ነው። የሚዋጥ ከሆነ እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል። ሳይደርስለት ፋሻውን መፍታት ከጀመሩ ጌሙ ብቻውን አይበቃውም። መነጽሩንም ጩኸቱ ሳይጀምር ያድርጉለት። የሚጥል በሽታ ካለበት አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ካቅለሸለሸው ወዲያው ይውለቅ። እናትሽን ደግሞ አይዞዎት በያቸው፤ ቁስሉ እስኪታጠብ ብቻ ነው፣ ቤት ስልክ ላይ ተጥዶ የሚውለው ይብሳል።

አባት ከቨርጂኒያ፦
የኔዋ ልጅ ለምርመራ ደም ልትሰጥ ስትል አምጥተውላት ነበር፤ አሻፈረኝ አለች። መርፌውን ካላየሁ ብላ! ዓይኗ ሲሸፈን ጭራሽ ባሰባት። እጇን ይዤ እስከ አስር ቆጠርንላት፣ አለቀ። ልጅሽ ካልፈለገ አታስገድጂው።

ነርሷ፦
ልክ ነዎት ጋሼ። ሁሉም ልጅ አይወደውም፣ ሳይነግሩት ድንገት ዓይኑን መሸፈንም አይገባም። መጀመሪያ በእጁ ይዞ ይየው።

የሲያትሏ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። የተቃጠለው ግን ቀኝ እጁ ነው፣ በምን ይወረውራል?

ነርሷ፦
ጭንቅላቱን ወዳዞረበት ነው የሚያነጣጥረው። በግራው ቁልፉን ይጫናል። ለሱ አታስቢ፣ ከኛ ፈጥነው ነው የሚለምዱት። ቀጠሮው መቼ ነው?

የሲያትሏ እናት፦
ማክሰኞ ጠዋት። የመድኃኒቱን ሰዓት ዛሬውኑ ደውዬ እጠይቃለሁ።