በአማርኛ ውክፔዲያ አዲስ ጸሐፊ ራሱን እንዴት ያስተዋውቅ?

ጠያቂ፣ ከጅማ፦

ለአማርኛ ውክፔዲያ ጸሐፊዎች የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በቅርቡ አካውንት ከፍቻለሁ። ሙያዬ ሰብል ጥበቃ ሲሆን፣ ስለ ቡና በሽታዎች፣ በተለይም በ1971 እ.ኤ.አ. ወደ ሀገራችን ገብቶ ስለታየው የቡና ፍሬ በሽታ ለመጻፍ አስቤአለሁ። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ግን ራሴን ማስተዋወቅ ይገባኛል ብዬ የሚከተለውን አዘጋጅቻለሁ፦

«ስሜ እገሌ እባላለሁ። በጅማ ከተማ የእገሌ ቀበሌ ነዋሪ፣ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነኝ። በሰብል ጥበቃ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ፤ በአንድ የቡና አምራች ገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ በባለሙያነት አገለግላለሁ። ስልክ ቁጥሬ ይህ ነው። ዕውቀቴን ለወገኖቼ ለማካፈል መጥቻለሁና ተቀበሉኝ።»

ይህን የት ላስቀምጠው? በዝቷል ወይስ አንሷል? ወደፊት ስለምሠራበት ዩኒየንም አንድ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስላሰብኩ፣ የት እንደምሠራ መግለጼ ተገቢ መሆን አለመሆኑንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ብራና፦

እንኳን ደህና መጡ። ራስን ማስተዋወቅ ግዴታ አይደለም፤ ስለ ራሳቸው አንድ መስመር እንኳ ሳይጽፉ ለዓመታት የሠሩ ሰዎች አሉ። ማስተዋወቅ ለፈለገ ግን ቦታው «አባል:» ከሚለው ቀጥሎ የአካውንቱ ስም የሚመጣበት ገጽ ሲሆን፣ ምንም እስካልተጻፈበት ድረስ ማያያዣው በቀይ ይታያል። «አባል ውይይት:» የሚለው ሌሎች ለእርስዎ መልእክት የሚተዉበት ስለሆነ ለዚህ አያገለግልም። የከፈቱት አካውንት በሁሉም ቋንቋዎች ይሠራል። ሜታ በተባለው የውክፔዲያዎች የጋራ ድረ ገጽ ላይ የአባል ገጽ ቢጽፉ ደግሞ፣ የራስዎ ገጽ በሌለበት ውክፔዲያ ሁሉ እሱው ይታያል፤ አማርኛ የማያነቡ ሰዎች ፊት በአማርኛ እንዳይቀርቡ ይህኛውን እዚሁ በአማርኛው ላይ ቢጽፉት ይሻላል።

ወደ ረቂቁ ስመለስ፣ የተዘጋጀው እድር ለመግባት ቢሆን ኖሮ እንዲያውም የባለቤትዎና የወላጆችዎ ስም ይጎድለዋል እልዎት ነበር። እድር የቤተሰብን ዝርዝር የሚጠይቀው ሐዘን በደረሰ ጊዜ ማን ቤት ድንኳን እንደሚተከልና ለየትኛው ዘመድ ምን ያህል እንደሚከፈል ማወቅ ስላለበት ነው፤ ከእርስዎ ጋር ስለ ቡና ፍሬ በሽታ የሚጽፍ ሰው ግን የልጆችዎን ቁጥርም ሆነ ቀበሌዎን የሚያውልበት ነገር የለውም። ስልክዎን ደግሞ ፈጽሞ አይጻፉ። እያንዳንዱ ለውጥ በገጹ ታሪክ ውስጥ ተመዝግቦ ስለሚቀር፣ ዛሬ የጻፉትን ነገ ቢያጠፉት እንኳ የቀድሞውን ቅጂ ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል፤ ከሕዝብ ዓይን ሊሰውሩት የሚችሉት መጋቢዎች (የውክፔዲያው አስተዳዳሪዎች) እና ከእነሱም በላይ ሥልጣን ያላቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። አካውንቱም ቢሆን ስሙ ይቀየር እንደሆነ እንጂ አይሰረዝም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ሙያዬ ሰብል ጥበቃ ነው፤ ስለ ቡና በሽታዎችና ስለ ቡና አመራረት እጽፋለሁ። ከአማርኛ ሌላ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ምንጮችን አነባለሁ። ስለ ቡና በተጻፈ ጽሑፍ ላይ ስሕተት ካያችሁ ወይም ምንጭ ካስፈለጋችሁ በውይይት ገጼ ጠይቁኝ።» ቋንቋዎቹን በግምት ስላስገባሁ እንደ እውነታው ያስተካክሏቸው፤ መጠቀሳቸው ግን ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በአንዱ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ የሚያረጋግጥለት ሰው የሚፈልግ ጸሐፊ ማንን እንደሚጠይቅ የሚያውቀው ከዚያ ነው።

የቀለም ቀንድ፦

ብራና ባቀረበው ረቂቅ ውስጥ የዩኒየኑ ነገር ወጥቶ መቅረቱን አልደግፈውም። ጠያቂው ስለ ቡና በሽታ ብቻ ቢጽፉ ኖሮ የሚሠሩበትን ቦታ መግለጽ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ስለ አሠሪያቸው ለመጻፍ ካሰቡ ግን ሁሉም ነገር ይለወጣል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውክፔዲያን የሚያስተዳድረው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን የአጠቃቀም ውል፣ ለሚጽፈው ነገር ክፍያ የሚያገኝ ሰው አሠሪውን፣ ደንበኛውንና ግንኙነቱን በይፋ እንዲገልጽ ያስገድዳል። መግለጫው በአባል ገጽ፣ በጽሑፉ ውይይት ገጽ ወይም ለውጡን ሲያስቀምጡ በሚሞላው ማጠቃለያ ላይ ሊሆን ይችላል። ዩኒየኑ «ስለ እኛ ጻፍልን» ብሎ የመደበዎት እንደሆነ፣ ለጽሑፉ ተብሎ የተለየ ገንዘብ ባይሰጥዎትም ደመወዝዎ ራሱ ክፍያ ነው።

ማንም ሳያዝዝዎ በራስዎ ፍላጎት የሚጽፉም ቢሆን፣ ስለ አሠሪው የሚጽፍ ሰው የጥቅም ግጭት አለበትና «የዚህ ዩኒየን ሠራተኛ ነኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በገጽዎ ላይ ያስፍሩ። ከዚያም ጽሑፉን ራስዎ ከማዘጋጀት ይልቅ መረጃውንና ከዩኒየኑ ውጭ የታተሙ ምንጮችን በውይይት ገጽ አቅርበው ሌላ ሰው እንዲጽፈው ቢያደርጉ፣ በኋላ ከሚመጣ ክርክር ይድናሉ። ሳይነገር ቆይቶ በሌላ ሰው ሲደረስበት ግን ስለ ቡና በሽታ በቅንነት የጻፉት ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል። አካውንቱንም በዩኒየኑ ስም ከፍተውት ከሆነ ስሙን ያስቀይሩት፤ አንድ አካውንት የአንድ ሰው ነውና።

እንሶስላ፦

ሁለቱም መላሾች የዘለሉትን ላንሳ። በአማርኛ «ጻፍኩ»፣ «አረምኩ» የሚል ሰው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ግን «ጻፍክ» ወይም «ጻፍሽ» ከማለት ማምለጥ ስለማይችል ይገምታል፤ ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ወንድ ያደላል። እኔ በአባል ገጼ ላይ «አንቺ ብትሉኝ ደስ ይለኛል» ብዬ ጽፌአለሁ፤ «እርስዎ» መባል የሚመርጥም እንዲሁ ሊጽፍ ይችላል። በአካውንትዎ «ምርጫዎች» ገጽ ውስጥም የውክፔዲያው ሶፍትዌር እንደ ወንድ፣ እንደ ሴት ወይም ጾታ ሳይለይ እንዲጠራዎት የሚመርጡበት ቦታ አለ፤ የሚመርጡት ነገር ለሕዝብ ግልጽ መሆኑን ግን ልብ ይበሉ። መገለጽ የማትፈልግ ሴት ሁለቱንም ብትተዋቸው ማንም ሊወቅሳት አይገባም።

ስለ ሙሉ ስምም አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ቡና የሚጽፍ ሰው በእውነተኛ ስሙ ከነአባቱ ስም ቢቀርብ ብዙም የሚጎዳው አይመስለኝም። ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ድንበር ወይም ስለ ሃይማኖት ክርክር ለመጻፍ የሚያስብ ግን ከመጀመሪያው በብዕር ስም ቢገባ ይሻለዋል፤ ስም በኋላ ቢቀየርም የስም ለውጡ ራሱ ተመዝግቦ ይታያልና። ብሔርንና እምነትን በአባል ገጽ ላይ መዘርዘርን ግን አልወደውም። ክልክል አይደለም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የቀበሌ ስም ፊደል ያስተካከሉ እንደሆነ እንኳ አንባቢው የሚመዝነው እርማቱን ሳይሆን ያንን ዝርዝር ነው፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስልኩንና ቤተሰቡን አውጥቼ፣ የዩኒየኑን ነገር በግልጽ አስገባለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፤ የትምህርት ደረጃዬን መግለጼ ለምጽፈው ነገር ክብደት ይሰጠዋል?

ብራና፦

በቀለም ቀንድ አስተያየት እስማማለሁ፤ የዩኒየኑ ዓረፍተ ነገር ይግባ። ዲግሪዎን ቢጽፉት ነውር የለውም፤ ነገር ግን በክርክር ጊዜ አይረዳዎትም። «በሽታውን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ» የሚል ባለሙያና ትናንት ስለ በሽታው ያነበበ ተማሪ ቢከራከሩ፣ የሚጸናው የታተመ ምንጭ የጠቀሰው ሰው ቃል ነው። ባለሙያ የሚበልጠው የትኛው ምንጭ የት እንደሚገኝ በማወቁ ነው። ለምሳሌ መልኮ ከሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ፣ በሽታውን ስለሚቋቋሙ የቡና ዝርያዎች የሚናገሩ የታተሙ ጥናቶች በእጅዎ ካሉ፣ ከእነሱ ሁለት ሦስቱን ጠቅሰው በአንድ አንቀጽ ይጀምሩ። ዓመት ሲጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይገልጹ አይለፉ፤ ከላይ «እ.ኤ.አ.» ብለው እንደጻፉት ማለቴ ነው።

በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ በየዕለቱ የሚሠሩት ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ፣ ገጽዎን ጽፈው ለሳምንታት «እንኳን ደህና መጡ» የሚልዎት ባያገኙ የተናቁ አይምሰልዎት። ጥያቄ ሲኖርዎት በሚመለከተው ጽሑፍ ውይይት ገጽ ላይ ያቅርቡትና በመጨረሻው ~ የሚለውን ምልክት አራት ጊዜ አከታትለው ይጻፉ፤ ሲያስቀምጡት ስምዎንና ሰዓቱን ራሱ ይተካልዎታል።