አራት ቀን ሙሉ ያልደረቀ የርችት ድብልቅ፦ ኦቨን ውስጥ ባስገባውስ?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ርችት መሥራት ከጀመርኩ ገና ወራት ነው። ያቦካሁትን ድብልቅ በትንንሹ ቆርጬ ትሪ ላይ ዘርግቼዋለሁ። ዛሬ አራተኛ ቀኑ። ላዩ ድርቅ ብሏል። አንዷን ሰብሬ ሳያት ግን መሃሏ ጠቆር ያለ፣ ገና እርጥብ ነው። ኦቨኑን በጣም ዝቅ አድርጌ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ለአንድ ሰዓት ባስገባውስ? ካልሆነ ደግሞ የፀጉር ማድረቂያ አለ። ባለቤቴ «ኦቨኔን እንዳትነካ» ብላለች፤ እሷ ያሳሰባት ግን ኬኳ ነው።

ግራኙ፦
ባለቤትህን ስማት! ምን አጣደፈህ?

እኔም እንዳንተ ቸኩዬ ነበር። ያውም ኦቨን አይደለም፣ ተራ የክፍል ማሞቂያ ነው፤ ያ ሽቦው ቀይ የሚሆነው ዓይነት። ከትሪው ሁለት ሜትር ያህል አርቄ አስቀመጥኩት። ራቅ ብሏል ብዬ። ትሪውን ላዞር እጄን ስዘረጋ ትንሽ ብናኝ ተነሳ መሰለኝ። ጭስ አላየሁም፣ ድምፅም ትዝ አይለኝም። ነጭ ብርሃን፣ ከዚያ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ። በቃ። እጄን ቧንቧ ሥር 20 ደቂቃ ያዝኩት፤ ከዚያ ሐኪም ቤት። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ዛሬም በደንብ አይታጠፉም። የብዕር ስሜም ከዚያ የመጣ ነው።

ኦቨኑ ላይ የምታየው ቁጥር የአየሩ ሙቀት ነው እንጂ የሽቦው አይደለም። ሽቦው በየደቂቃው እየጠፋ እየበራ ይግላል፤ አንዲት ፍርፋሪ እላዩ ከወደቀች አለቀ። ሜዳ ላይ ቦግ ብሎ የሚያልፈው እሳት ደግሞ ሣጥን ውስጥ ሲሆን መውጫ ያጣል፤ የዚያን ጊዜ በሩን ይዞት ነው የሚሄደው። ከተረፍክም በኋላ እዚያው ኦቨን ውስጥ ምግብ ልትጋግር ነው? አረንጓዴ ቀለም የሚሰጠው ባሪየም መርዝ ነው እኮ። የፀጉር ማድረቂያው ይብሳል፤ በውስጡ የጋለ ሽቦ አለ፣ ብናኝ ይስባል፣ የቀረውን ደግሞ ፊትህ ላይ ይነፋዋል።

መሃሉ ያልደረቀው ሙቀት አጥቶ አይደለም። ላዩ ቶሎ ደርቆ ቅርፊት ስለሠራ ውስጥ ያለው ውሃ መውጫ አጣ። ብታሞቀው ቅርፊቱ ይጠብቃል። የሚያስፈልገው ነፋስ ነው፤ ከቤት ራቅ ያለ ጥላ ሥር፣ በስሱ ተዘርግቶ። ፀሐይ ላይ አታውጣው። ለመድረቁ በዓይንህ አትፍረድ። ጥቂቷን በየቀኑ መዝናት፤ ክብደቷ መቀነስ ሲያቆም ደርቃለች ማለት ነው።

ኬሚስቷ፦
ግራኙ ያልጠየቀህን ልጠይቅህ። ድብልቅህ ውስጥ የአሉሚኒየም ዱቄት አለ? ያቦካኸውስ በውሃ ነው?

አሉሚኒየምና ናይትሬት (ለእሳቱ ኦክስጅን የሚሰጠው ጨው) በውሃ ሲርሱ አንዳንዴ ቀስ ብለው እርስ በርስ መዋሃድ ይጀምራሉ። ማንም ሳይነካው ከውስጥ ይሞቃል። አሞኒያ ይሸታል፤ ሳይጸዳ የቆየ ሽንት ቤት ዓይነት ሽታ። ሙቀቱ ከጨመረ ራሱን ያቀጣጥላል። አራት ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየቱ ያሳሰበኝ ለዚህ ነው። ትሪው ለብ ካለ ወይም ያ ሽታ ካለ አትክደነው፣ አትነካካው። ሰው ሁሉ ይራቅ፤ እሳት አደጋ ጥራ።

ክሎሬት (እሱም ኦክስጅን የሚሰጥ ሌላ ጨው ነው) እና ድኝ አብረው ካሉበት ደግሞ ስለ ማድረቅ ባናወራ ይሻላል። እንግሊዝ ይህን ቅልቅል የከለከለችው በ1894 እ.ኤ.አ. ነው። ድኙ ውስጥ ትንሽ አሲድ ካለ ሳይነኩት ሊቀጣጠል ይችላል።

ጀማሪው፦
ኧረ አስደነገጣችሁኝ! አሉሚኒየም አለው፣ ክሎሬት ግን የለውም። አሁን በእጄ ጀርባ ትሪውን ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው፣ ሽታም የለውም። ጓሮ ጥላ ሥር አውጥቼዋለሁ። ድመት እንዳትደርስበት ወንፊት ከደንኩበት፤ የፕላስቲክ።

ግራኙ፦
ፕላስቲኩን አንሳው! ቀስ ብለህ። ናይሎን ሹራብ በጨለማ ስታወልቅ የምታያት ብልጭታ የለችም? ለደረቀ ድብልቅ እሷው ትበቃዋለች። የጥጥ ልብስ ልበስ፣ ሽፋኑም የጥጥ ጨርቅ ይሁን። አንድ ጊዜ ከደረቀ ደግሞ አታፍስ፣ አታሸው፣ ብርጭቆ ወይም ቆርቆሮ ውስጥ አትክተተው። ሌላ የሠራኸው ካለ እዚያው አጠገብ አታከማች። ፈቃድስ አለህ? ብዙ አገር ያለ ፈቃድ ወንጀል ነው።

ጀማሪው፦
ፈቃድ... እውነቱን ለመናገር የለኝም።

ኬሚስቷ፦
እንግዲያው ሚዛኑን ተወው። ቆሻሻ መጣያ ውስጥም እንዳትጥለው፣ ራስህም ላቃጥለው እንዳትል። ባለበት ተወውና ለእሳት አደጋ ደውለህ ያለውን እንዳለ ንገራቸው። ከምን እንደተሠራ ወረቀት ላይ ጽፈህ ጠብቃቸው፤ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው።

ጀማሪው፦
እየደወልኩ ነው። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማለች። ስለ ኬክ ምንም አላለችም።