መጠባበቂያው ይሠራል ተብሎ ሕዝብ ጭኖ መብረር ተገቢ ነው? (ክርክር፣ ሐዋሳ)

ጥያቄው፦ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 የአላስካ ኤርላይንስ ቦይንግ 737 ማክስ 9 ከፖርትላንድ ተነስቶ ሽቅብ እየወጣ ሳለ የበር መድፈኛው (በር ያልተገጠመበትን ክፍተት የሚዘጋው ክፍል) ተገንጥሎ ወደቀ። ከዚያ በፊት የግፊት መቆጣጠሪያው (ከፍታ ላይ ውስጥ ያለው አየር እንዳያጥር የሚያደርገው መሣሪያ) የማስጠንቀቂያ መብራት በ3 በረራዎች በርቶ ነበር። መጠባበቂያው መቆጣጠሪያ ስለሚሠራ መብረሩን ቀጠለ፤ ውቅያኖስ አቋርጦ ሃዋይ እንዳይሄድ ብቻ ተከለከለ። ምን ትላላችሁ?

ከመናኸሪያ፦ በፍጹም ተገቢ አይደለም! ለዕቃ ዱባይ እመላለሳለሁ፤ አንዳንዴ ልጄንም ይዤ። ውቅያኖስ ላይ የማያስተማምን አውሮፕላን የብስ ላይ በምን ያስተማምናል?

መምህር (ከአቶቴ)፦ እህቴ፣ ስጋትሽ ይገባኛል። ግን ሁለቱን ጉዳይ አናምታታ። መድፈኛው የወደቀው ፋብሪካ ውስጥ 4 ብሎኖች ተፈትተው ሳይመለሱ ስለቀሩ ነው። መርማሪዎቹ ከመብራቱ ጋር የሚያያዝ ነገር አላገኙም። አውሮፕላኑ 2 አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ አለው። ሦስተኛው መቆጣጠሪያ ደግሞ አብራሪው በእጁ የሚያንቀሳቅሰው ነው። አንዱ ሲያስቸግር ሌላው ይረከባል።

ከአሞራ ገደል፦ ለእያንዳንዱ መብራት አውሮፕላን ከቆመ ትኬቱ ስንት ሊገባ ነው?

ከታቦር፦ መምህር፣ ስለ ብሎኖቹ ያሉት ልክ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሰው ነው። የቆጵሮሱን ሄሊዮስ አየር መንገድ በረራ 522 እንይ። ኦገስት 14 ቀን 2005፣ ለጥገና ፍተሻ ወደ ማንዋል (በእጅ ወደሚሠራው) የዞረው የግፊት መቀያየሪያ ሳይመለስ ተነሱ። ከፍ ሲሉ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ያው ድምፅ ግን ከመነሳት በፊት አንድ ነገር ሲጓደልም የሚጮኸው ስለሆነ አብራሪዎቹ ያ መሰላቸው። ከኋላ የተሳፋሪው የኦክስጅን ማስክ ወርዷል። አብራሪዎቹ የራሳቸውን አላጠለቁም፤ አየር አጥሯቸው ራሳቸውን ሳቱ። የተሳፋሪው ኦክስጅን 12 ደቂቃ ገደማ ነው የሚቆየው። አውሮፕላኑ ነዳጁ እስኪያልቅ በራሱ በረረ። አቴንስ አቅራቢያ ወድቆ 121 ሰው አለቀ። መጠባበቂያ ሳይጠፋ እኮ ነው!

በ35,000 ጫማ አየር ሲያጥር ሰው ራሱን የሚያውቀው ከ30 ሴኮንድ እስከ 1 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ማስክ አጥልቆ ቶሎ ያለ ማስክ ወደሚተነፈስበት 10,000 ጫማ መውረድ ነው። እኛ አገር ይሄ በየቦታው አይሆንም። እዚሁ ጎረቤታችን ባሌ ያለው ቱሉ ዲምቱ ከ14,000 ጫማ ያልፋል፤ ራስ ዳሸንም ከዚያ ይበልጣል። እዚያ ላይ 10,000 ጫማ ማለት መሬት ውስጥ ነው። ስለዚህ አንዴ በርቶ ከጠፋ ይብረር። ከተደጋገመ ግን ምክንያቱ ሳይገኝ ሰው አይጫንበት።

መምህር (ከአቶቴ)፦ በተደጋገመው እስማማለሁ። አንዴ ለበራውም የጥገና ቀነ ገደብ ይኑረው። መጠባበቂያ ይዞ መብረርን ፈጽሞ መከልከል ግን አልቀበልም።

ከመናኸሪያ፦ ማስኩ ቢወርድ መጀመሪያ ለልጄ ነው አይደል የማደርገው?

መምህር (ከአቶቴ)፦ አይደለም፣ መጀመሪያ ለራስሽ። አንቺ ራስሽን ከሳትሽ ለልጅሽ የሚደርስ የለም። ወደ አንቺ ሳብ አድርጊው፣ ኦክስጅኑ የሚጀምረው ሲሳብ ነው። ከረጢቱ ባይነፋም አትደንግጪ፣ ኦክስጅኑ እየመጣ ነው።