በሶፍትቦል መጀመሪያ ቤዝ ላይ ሯጭ እያለች ሦስተኛው ስትራይክ ካመለጠ ባተሯ መሮጥ ትችላለች?

የካቸር እናት
ከ12 ዓመት በታች የሴቶች ሶፍትቦል (ቤዝቦል መሰል ጨዋታ) ነው፤ ሊጉ በዩኤስኤ ሶፍትቦል ሕግ ይጫወታል። አንድ አውት (ከጨዋታ የወጣች ተጫዋች)፣ መጀመሪያ ቤዝ (ሯጮች የሚረግጡት ማረፊያ) ላይ አንድ ሯጭ፣ ባተሯ (መቺዋ) ሁለት ስትራይክ ላይ፤ ስትራይክ ማለት ሰንዝራ እንደመሳት ያለ የሚቆጠርባት ውርወራ ነው። ኳሱ ከፒቸሯ (ወርዋሪዋ) እጅ እንደወጣ ሯጯ ሁለተኛ ቤዝ ልትሰርቅ (ምት ሳትጠብቅ ሮጣ ልትደርስ) ተነሳች። ባተሯ ሰንዝራ ሳተች፤ ኳሱ አፈር ነክቶ በካቸሯ (ከመቺዋ ጀርባ ሆና ኳሱን የምትይዘው ልጅ) እግሮች መሀል ሾልኮ አጥሩ ሥር ደረሰ። ባተሯ ሮጠች፤ ካቸሯ ተደናግጣ ወደ መጀመሪያ ቤዝ ስትወረውር ኳሱ አልፎ ቀኝ ሜዳ ገባ። በመጨረሻ ሯጯ ሦስተኛ፣ ባተሯ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ቆሙ፤ ዳኛው ሁለቱንም ሴፍ (አውት አይደሉም) አለ። አሰልጣኙ «መጀመሪያ ቤዝ እኮ ሰው ነበረበት» ሲል፣ «ሯጯ እየሰረቀች ስለነበር ቤዙ ባዶ ነው፤ የእኔ እይታ ስለሆነም ክስ አይያዝበትም» ተባለ። ባተሯ አውት አይደለችም ወይ? ሯጯስ ወደ መጀመሪያ ቤዝ መመለስ አልነበረባትም?

ሰማያዊ ሸሚዝ
እህቴ፣ ባተሯ አውት ናት። ያልተያዘ ሦስተኛ ስትራይክ (ካቸሯ መሬት ሳይነካ ያልያዘችው) ላይ ባተር የምትሮጠው ወይ ሁለት አውት ሳይሞላ መጀመሪያ ቤዝ ባዶ ከሆነ፣ ወይ ደግሞ ሁለት አውት ከሆነ ነው፤ ሁለት አውት ከሆነ ቤዙ ቢያዝም ባይያዝም ግድ የለም። ቤዙ ተይዟል አልተያዘም የሚባለው ፒቸሯ በወረወረችበት ቅጽበት ነው። በሶፍትቦል ደግሞ ኳሱ ከፒቸሯ እጅ ሳይወጣ ሯጭ ቤዙን መልቀቅ አትችልም። ስለዚህ «እየሰረቀች ነበር» የሚለው ምክንያት መቼም አይሠራም፤ ስርቆቱ የሚጀምረው ቤዙ እንደተያዘ ከተቆጠረ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ላይ ግን አልስማማም። ሯጯ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ትቆያለች። ባተሯ አውት ብትሆንም ጨዋታው አልቆመም፤ የተሳሳተ ውርወራ የመከላከያው ቡድን ጥፋት ነው። ብዙ አሰልጣኞች «አውት የሆነችው ልጅ ሮጣ ካቸራችንን አታለለች፣ ማደናቀፍ ነው» ይላሉ። አውት የሆነች ሌላ ሯጭ መሮጧን ቀጥላ ውርወራ ብትስብ በእርግጥ ማደናቀፍ ሊባል ይችላል። ያልተያዘ ሦስተኛ ስትራይክ ላይ የሮጠችን ባተር ግን ሕጉ ራሱ ከዚህ ነጥሎ አውጥቷታል። ትክክለኛው ውሳኔ፦ ሁለት አውት፣ ሯጭ ሦስተኛ ቤዝ ላይ።

ስኮር ያዥ
«እይታ ነው» የተባለው ሊታለፍ አይገባም። ኳሱ አፈር ነካ ወይስ አልነካ፣ ባተሯ ሰነዘረች ወይስ አልሰነዘረች፤ ይሄ እይታ ነው፣ ክስ አይያዝበትም። «እየሰረቀች ስለሆነ ቤዙ ባዶ ነው» ግን የሕግ አተረጓጎም ነው። በእግር ኳስ አምበሉ ክስ እንደሚያስይዘው፣ እዚህም አሰልጣኙ ማስያዝ ይችላል።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ክሱ ቀጣዩ የፒቸር ውርወራ ሳይወረወር መነገር አለበት። ኢኒንጉን (የጨዋታውን ዙር) የዘጋ ውሳኔ ከሆነ የኢንፊልድ (በቤዞቹ አካባቢ የሚከላከሉ) ተጫዋቾች በሙሉ ሜዳውን ለቀው ሳይወጡ፤ የጨዋታው የመጨረሻ ውሳኔ ከሆነ ደግሞ ዳኞቹ ሜዳውን ሳይለቁ። ከጨዋታው በኋላ የሚላክ ኢሜይል ለዚህ አይጠቅምም።

አሰልጣኙ መጀመሪያ እንቅስቃሴው እስኪቆም ይጠብቅ፤ ከዚያ ታይም ጠይቆ ውሳኔውን የሰጠውን ዳኛ ብቻ ያናግር። «ተሳስተሃል» ብሎ ከመጀመር «ፒቸሯ ስትወረውር መጀመሪያ ቤዝ ላይ ሯጭ ነበረች?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ዳኛው «አዎ» ካለ ጉዳዩ ከእይታ ወጥቶ ሕግ ሆነ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ውሳኔው እዚያው ይታረማል። ካልታረመ «በዚህ ውሳኔ ላይ ክስ አስይዣለሁ» ብሎ በግልጽ ይናገር። እኔ ወረቀቱ ላይ የምጽፈው ኢኒንጉን፣ ውጤቱን፣ የአውቱን ብዛት፣ የባተሯን ቆጠራ፣ ሯጮቹ የነበሩበትንና የደረሱበትን ቤዝ፣ የዳኛውንም ቃል እንዳለ ነው። ክሱ ተቀባይነት ካገኘ ጨዋታው ከዚያች ነጥብ፣ ውሳኔው ታርሞ ይቀጥላል። ብዙ ውድድሮች የክስ ማስያዣ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ የውድድሩን ደንብ አስቀድሞ ማንበብ ነው።

ረዳት አሰልጣኝ
ካቸሯ ጥፋቱ የእሷ ብቻ እንዳይመስላት እለምናለሁ። አንድ አሰልጣኝ ከዳጋውት (ከቡድኑ መቀመጫ) «አውት ናት፣ አትወርውሪ!» ብሎ መጮህ ነበረበት። ልምምድ ላይ ካቸሯ ከእያንዳንዱ ባተር በፊት የአውቱን ቁጥር በጣቷ አሳይታ «መጀመሪያ ቤዝ ተይዟል» ወይም «ባዶ ነው» ብላ ጮክ ብላ ትናገር። ከተያዘና ሁለት አውት ካልሆነ ኳሱን ትያዝ፣ ሯጯን ትይ፣ አትወርውር። ሁለት አውት ሆኖ ቤዞቹ ሁሉ ከተያዙ ደግሞ እስከ 60 ጫማ መወርወር አያስፈልጋትም፤ ኳሱን ይዛ ሆም ፕሌትን (ባተሯ የምትመታበትን ቤዝ) ብትረግጥ ይበቃል።

ከ10 ዓመት በታች ብዙ ሊጎች ይህን ሕግ ስለማይጠቀሙበት፣ ወደ 12 የሚያልፉ ልጆች ከዜሮ መማር አለባቸው።

የካቸር እናት
አመሰግናለሁ። ኳሱ አንድ ጊዜ አፈር ነጥሮ ጓንቷ ውስጥ ቢገባስ?

ሰማያዊ ሸሚዝ
አልተያዘም። መሬት ከነካ በኋላ ጓንት ውስጥ ቢገባም ያው ነው። ዳኛው ከካቸሯ ጀርባ ስለሚቆም ጓንቷ ሊከልለው ይችላል፤ ያኔ የቤዝ ዳኛውን መጠየቅ አለበት። የባቱን ጫፍ ነክቶ በቀጥታ ጓንቷ ውስጥ ከቀረ ግን ስትራይክ ሦስት ነው፣ ባተሯ አውት ናት፤ ከወደቀ ፋውል (የማይቆጠር ምት፣ ኳሱ የሞተ) ስለሆነ ማንም አይሮጥም።